የዝነኛ ዘፋኝ ጓዳ የሕዝብ ነውን?

አወያይ፦ ጎንደር ላይ ሙዚቃ የምንወድ ሰዎች በምንከራከርበት በዚህ ቡድን ሰሞኑን የብሪትኒ ስፒርስ ታሪክ ተነሥቶ ሐሳባችን ተከፍሏል። ለማያውቋት ባጭሩ፣ በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ኬንትውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገች ዘፋኝ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ሲወጣ 16 ዓመቷ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመትም አልበሟ በአገሯ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ የያዙ ሰዎች ከደጇ አልጠፉም። ዝናን ፈልጎ ያገኘ ሰው ጓዳው ቢገለጥ ቅር ሊለው ይገባልን?

ፎቶ አንሺ፦ አይገባውም ባይ ነኝ። ፊቷንና ስሟን ለዓለም ያደረሱት እነዚሁ ጋዜጦችና መጽሔቶች ናቸው። አልበም ሲወጣ ‹አንሡኝ› ብሎ፣ ትዳር ሲፈርስ ‹ተዉኝ› ማለት አያስኬድም። እኔም በጥምቀት የፋሲለደስ መጠመቂያን ከብቦ የቆመውን ሕዝብ ሳነሣ ከእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ አልጠይቅም፤ አደባባይ አደባባይ ነው።

የአዝማሪ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ሙዚቃና ሐሜት ጎረቤታሞች መሆናቸውን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በከተማችን አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ እንግዳው ‹ተቀበል› ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪውም በማሲንቆው እያዋዛ የአንዱን ስስት፣ የሌላውን ፍቅር በሰምና ወርቅ ሲያወጣው ሰምቷል። ነገር ግን የተነካው ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ ከፈለገ ይስቃል፣ ከፈለገ ግጥም ይመልሳል፣ ካልወደደም ተነሥቶ ይሄዳል። ብሪትኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ፀጉር ቤት ገብታ ፀጉሯን ስትላጭ ግን ፎቶ አንሺዎቹ ውጭ ቆመው በመስኮት አነሷት። በፍቺ ላይ የነበረች፣ የሁለት ሕፃናት እናት የሆነች የ25 ዓመት ሴት ነበረች። በዓመቱ ፍርድ ቤት በአባቷ ሞግዚትነት ሥር አዋላት፤ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ድረስ፣ ከ13 ዓመት በላይ፣ በገንዘቧም በኑሮዋም ላይ ሌሎች ይወስኑ ነበር። ራሷን ማስተዳደር አትችልም የተባለችው ይህችው ሴት ግን በላስ ቬጋስ ለአራት ዓመታት መድረክ ላይ እየሠራች ገንዘብ ታስገባ ነበር። ሞግዚትነቱን ያመጡት ፎቶ አንሺዎቹ ናቸው አልልም፤ ብዙ ሰው ያን ያህል ዘመን ‹ደግ አደረጉ› ብሎ እንዲቀበለው ያደረገው ግን የተላጨው ራስ ምስል ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ያንገበግበኛል።

የሕግ መምህር፦ ስለ አገራችን ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የሰውየው ታዋቂነት ምስሉን ማውጣት ተገቢ ሲያደርገው፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ሲሆን፣ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ የፎቶ አንሺው ክርክር መሠረት አለው። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወቱ የመከበር መብትን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ዝነኛውን ለይቶ አላስቀረም። በእኔ ንባብ ታዋቂነት መድረኩን ይከፍታል እንጂ መኝታ ቤቱን አይከፍትም።

ፎቶ አንሺ፦ መምህር፣ በመስኮት የተነሣውን እኔም ልከላከለው አልችልም፤ እዚያ ላይ ተረትቻለሁ። የጋዜጦቹን ውለታ መካድ ግን ልክ አይደለም፤ ያለ እነርሱ ኬንትውድን ማን ያውቃት ነበር?

አንዲት እናት፦ ውለታውን የምትቆጥረው ከማን ላይ ነው፣ ልጄ? በ15 ዓመቷ ውል ውስጥ የገባች ልጅ በ25 ዓመቷ ለሚደርስባት ነገር አስቀድማ እሺ ብላለች ማለት እንዴት ይቻላል? እኔ የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ድምፅዋ ያምራል፣ ጓደኞቿም በስልክ እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ ይለቁላታል። ባለፈው እሑድ አስቀምጬ አነጋገርኳት። ዘፈኗ እንዲወጣ ፈቀድኩ፤ ቤታችን፣ የትምህርት ቤቷ ዩኒፎርምና የምትመላለስበት መንገድ ግን እንዳይታዩ ተስማማን። ከሥር የሚጻፈውን አስተያየት መጀመሪያ እኔ አነባለሁ። አልቅሳ ነበር፣ በኋላ ግን የትኛው ቪዲዮ እንደሚጠፋ ራሷ መርጣ አሳየችኝ።