ፖሞዶሮ ሐሳቤን ይቆርጥብኛል፤ እንደ እኔ ለሚያስብ ሰው የትኛው የጊዜ አጠቃቀም ይሻላል?

ጠያቂ፦ ጥለት (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጎን ለጎን ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። ኮርሱ አልቋል፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። አማካሪዬ ምዕራፍ ሦስትን እየጠበቀ ነው። ጥምቀት ደግሞ እየደረሰ ነው፤ በዚህ ሰሞን ትእዛዙ እንዴት እንደሚያጣድፍ ታውቁታላችሁ።

ሥራ ጠልቼ አይደለም ጊዜ ያጠረኝ። መጀመሪያ ስልኬ ላይ 25 ደቂቃ እየሞላሁ መሥራት ሞከርኩ፣ ፖሞዶሮ የሚሉትን። ጨርቁን ዘርግቼ ቀሚሱ ገና መልክ ሲይዝልኝ ይጮኻል። ጽሑፉ ላይም እንደዚያው ነው። ሐሳቡ መጣልኝ ስል እረፍት ውጪ ይለኛል።

ከዚያ ቀኑን በሰዓት ከፋፈልኩት። ከ3 እስከ 5 ጽሑፍ፣ ከ5 እስከ 7 ስፌት። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ደንበኛ ትገባለች። ልኬት ወስዶ ብቻ መሸኘት ደግሞ ይከብዳል። ትቀመጣለች፣ እንጫወታለን፣ ጥለት ትመርጣለች። እሷ ስትወጣ 4 ተኩል ሆኗል።

እኔ ነገሩን ሙሉውን ካላየሁት አልጀምርም። ከጀመርኩ ደግሞ መቋረጥ አልወድም። የሥራ ዝርዝር ሲረዝምብኝ ዓይኔ ይፈዛል። እንደዚህ የሚያስብ ሰው ምን ይጠቀማል? "በጠዋት ተነሺ" ብቻ እንዳትሉኝ፤ 11 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው።

መልስ፦ የፖሊ ልጅ

እህቴ፣ መጀመሪያ ፖሞዶሮ ለማን እንደተሠራ እንይ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ነበር። መጽሐፍ ላይ መቀመጥ አቃተው። ቲማቲም የሚመስል የወጥ ቤት ደወል አነሳና ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሳይነሳ ለማንበብ ከራሱ ጋር ተወራረደ። የዘዴው ስም የመጣው ከዚያች ቲማቲም ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት፣ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ እረፍት የሚለው ከዚያ ነው ያደገው።

ስለዚህ ይሄ መቀመጥ ላቃተው ሰው የሚሆን ነው። አንቺ መቀመጡን ችለሽበታል፣ የሚነቅልሽ ነው የበዛው። በተፈጥሮው የማይቆረጥ ሥራ ላይ ደወል አትሙዪ። ለሚያሰለችሽ ሥራ ግን አትጣዪው። ጠርዝ መቀምቀም፣ ቁልፍ መትከል፣ ሂሳብ መጻፍ፣ የጽሑፍሽን ማጣቀሻ ማስተካከል፣ እነዚህ በ25 ደቂቃ ቢቆረጡ ምንም አይጎድልባቸውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሥራሽ ውስጥ ሰው እያናገርሽ መሥራት የምትችዪው የትኛው ነው? በፍጹም የማትችዪውስ?

መልስ፦ ተረኛ ነርስ

እኔ በሽፍት ነው የምሠራው። ቀኔን በሰዓት ልከፋፍለው ብል የሚስቅብኝ ዋርዱ ራሱ ነው። የጠቀመኝ አስቸኳዩን ከዋናው መለየት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1954 ባደረገው ንግግር ይህንን ልዩነት አንስቶ ነበር፤ ዛሬ በአራት ሳጥን የሚሣለው ሠንጠረዥ በእሱ ስም ይጠራል። የአንቺ ደንበኛ አስቸኳይ ናት። ምዕራፍ ሦስት ዋና ነው፣ ግን በር አያንኳኳም። በር የማያንኳኳ ሥራ የራሱ ቦታ ካልተሰጠው ሁልጊዜ ይበላል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይጠቅምሻል ብዬ አስባለሁ። ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 ባሳተመችው ጥናት ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ እንደማይከተለው አሳየች። ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ በተለይ ሥራው ሳያልቅ ከተነሳ። በ2018 ደግሞ ከቴሬዛ ግሎምብ ጋር ሆና መፍትሔ የሚሆን ነገር አገኘች፤ ከመነሳትሽ በፊት የት እንዳቆምሽና ስትመለሺ ምን እንደምትሠሪ በአጭሩ መጻፍ።

ለእኔ ይህ ኪሴ ውስጥ ያለች ቁራጭ ካርቶን ናት። ስጠራ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ "5 ቁጥር አልጋ፣ መድኃኒት ተሰጥቷል፣ አልተመዘገበም። ስመለስ መጀመሪያ መዝገቡ።" አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንቺም ደንበኛ ስትገባ "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቁጭ በይ" ብለሽ ሁለቷን መስመር ጻፊና ተነሺ። ማንም አይቀየምሽም።

መልስ፦ የዘጌ ሰው

ልጄ፣ እኛ ጋ ቀን የሚከፈለው በሐይቁ ነው። ጠዋት ጣና ዝም ሲል ነው ጀልባ የሚነሳው። ቡና ጭኖ ባሕር ዳር የሚሻገር ሰው ጠዋቱን ለማንም አይሰጥም። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ቡና ይለቀማል፣ የተሰበረ ይጠገናል፣ እንግዳ ይስተናገዳል። 3 ሰዓት፣ 5 ሰዓት እያልን አንቆጥርም። የሚያሻግር ጊዜና የማያሻግር ጊዜ ብለን ነው የምንለየው።

አንቺም ሱቅሽ መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ ነፋስ እንደሚነሳበት ታውቂዋለሽ። በዚያ ክፈዪው። ጥልቅ ሥራሽን ዝም በሚልበት፣ ሰው የሚፈልገውን ሥራ ነፋስ በሚነሳበት አድርጊ።

መልስ፦ የፔዳ መምህር

ከፖሊው ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሰዓት መያዝ ሥራ መቁረጫ ብቻ አይደለም፣ መለኪያም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ጊዜውን አሳንሶ ነው የሚገምተው። ሮጀር ቡዌለርና ባልደረቦቹ በ1994 ያሳተሙት የካናዳ ጥናት ልክ የአንቺን ጉዳይ ነው የያዘው። ተመራቂ ተማሪዎችን ጽሑፋችሁን በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ ብለው ጠየቁ። አማካይ ግምቱ ወደ 34 ቀን ነበር። የፈጀባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። ባሉት ቀን የጨረሰው ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለአማካሪሽ ቀን ከመስጠትሽ በፊት ያለፈውን እዪ። ምዕራፍ ሁለት ስንት ሳምንት ፈጀ? ምዕራፍ ሦስትም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይፈጃል ብለሽ ያዢ። "አሁን ልምድ አለኝ፣ ያጥራል" የሚለውን ግምት አትመኚው። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጨናነቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሳያቸው ያሳዝኑኛል።

ቀን በሰዓት መከፋፈሉም በራሱ መጥፎ አይደለም። የአንቺ ክፍፍል ግን ለሰው ቦታ የለውም። የልኬት ሰዓት ለይተሽ በር ላይ ለጥፊ።

ጠያቂ፦ ጥለት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የልኬቱን ሰዓት በር ላይ መለጠፉ እኔ ጋ አይሠራም። ከገጠር ለቅዳሜ ገበያ የምትመጣ እናት አለች። ልብሷን ለክታ ነው የምትመለሰው። "ማክሰኞ ከሰዓት ነይ" ልላት አልችልም፣ ልቤም አይፈቅድ።

የፖሊው ልጅ ለጠየቅከኝ፤ ጥልፍ እያወራሁ እሠራለሁ። ቅምቀማም እንደዚያው። መቁረጥ ግን በፍጹም። የግራና የቀኙ ጥለት ስፌቱ ላይ እኩል ካልገጠመ ቀሚሱ ተበላሸ ማለት ነው፤ ሸማው አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። አንዱን ቀሚስ አይቼ፣ ለክቼ፣ ቆርጬ እስክነሳ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መጻፍም እንደ መቁረጡ ነው። ምዕራፉ ላይ ገብቼ ሐሳቡን ለመያዝ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

መልስ፦ የፖሊ ልጅ

በቃ፣ መልሱን ራስሽ ነገርሽን። አንቺ ሁለት ዓይነት ሥራ ነው ያለሽ። መቁረጥና መጻፍ ሙሉ ሰዓት ይፈልጋሉ፣ ሰው አይችሉም። ጥልፍና ቅምቀማ ሰው ይችላሉ። ስለዚህ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት እጅሽ ላይ ጥልፍ ይኑር። ያኔ የገባችው ሴትዮ ሥራ አታስፈታሽም።

አሁን ስለ ዝርዝሩ። ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ሰው ረጅም ዝርዝር አይሆነውም፣ ግድግዳ ነው የሚሆነው። እኛ ሶፍትዌር ላይ ካንባን የምንለውን እንጠቀማለን። ታይቺ ኦህኖ ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ በካርድ የጀመረው አሠራር ነው። አፕ አያስፈልግሽም። ሱቅሽ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ሦስት መስመር አስምሪና አራት ዓምድ አውጪ፤ "ያልተጀመረ"፣ "በእጄ ያለ"፣ "ሰው የምጠብቅበት"፣ "ያለቀ"። ለእያንዳንዱ ቀሚስ አንድ ካርድ። ካርዱ ላይ የደንበኛዋ ስም፣ የምትወስድበት ቀን፣ የከፈለችው ቀብድ። ጥጉ ላይ ከጥለቱ ትንሽ ክር በስፒል ያዢበት። አንቺ በዓይን ነው የምታስቢው፤ ካርዱን ሳታነቢ ቀሚሱን ታውቂዋለሽ።

የጽሑፉንም እንደዚያው አድርጊ። "ምዕራፍ ሦስት" የሚል ካርድ አትስቀዪ፣ በጣም ትልቅ ነው። "ናሙናው እንዴት ተመረጠ" አንድ ካርድ፣ "መጠይቁ" ሌላ ካርድ። ለአማካሪሽ የላክሽው "ሰው የምጠብቅበት" ዓምድ ላይ ይቀመጣል፤ ከሸማኔ የምትጠብቂው ሸማም እዚያው።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። "በእጄ ያለ" የሚለው ላይ ገደብ አድርጊበት። አንድ የሚቆረጥ ቀሚስ፣ አንድ የሚጠለፍ ቀሚስ፣ አንድ የጽሑፍ ካርድ። ከሦስቱ አንዱ ሳይነሳ አራተኛ አይገባም። ካንባን ያለዚህ ገደብ የግድግዳ ጌጥ ነው። ለጥምቀት አዲስ ትእዛዝ ስትመጣ ግድግዳውን አይተሽ ነው "እደርሳለሁ" ወይም "አልደርስም" የምትዪው። ደንበኛዋም በዓይኗ ታየዋለች፣ አትከራከርሽም።

መልስ፦ ቀበሌ 14

እኔ ማታ ለነገ ሦስት ነገር ብቻ ወረቀት ላይ ጽፌ እተኛለሁ። ግድግዳም አፕም የለኝም። ይበቃኛል።

መልስ፦ ተረኛ ነርስ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህንን ለሚያነቡ ሌሎች ነው። ከልጅነት ጀምሮ በትምህርትም በቤትም ሐሳብ መሰብሰብ የሚቸግረው ሰው፣ ወይም በቅርቡ እንቅልፍ ያጣና ለወትሮው የሚወደው ሥራ ያስጠላው ሰው፣ ዘዴ ከመቀያየር በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያናግር። የዘዴ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ ጥለት

እንዲህ ላድርገው። 11 ሰዓት ስነሳ ቤቱ ዝም ያለ ነው፤ ከ12 እስከ 2 ተኩል ጽሑፉን ቤት እሠራለሁ፣ ያለ ደወል። ሱቅ 3 ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ሰው አይበዛም፤ የሚቆረጠውን ወደዚያ አመጣለሁ። ከሰዓትና ቅዳሜ ሙሉውን ጥልፍ ይዤ ደንበኛ እቀበላለሁ። ግድግዳውን ዛሬ ማታ አሰምረዋለሁ። የነርሷን ሁለት መስመር ደግሞ ልኬት የምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ።

አንድ የቀረኝ ነገር መብራት ነው። የስፌት መኪናውም ካውያውም ላፕቶፑም በመብራት ነው። ሲጠፋ ያቀድኩት ሁሉ ይፈርሳል። ይህንን እንዴት ታደርጉታላችሁ?

መልስ፦ የፖሊ ልጅ

መብራት የማይፈልጉት ካርዶች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አድርጊ። የእጅ ጥልፍ፣ ልኬት፣ መቁረጥ፣ የታተመ ጽሑፍ ማንበብና ማረም። ሲጠፋ ምን ልሥራ ብለሽ አታስቢ፤ ቀይ ነጥብ ያለበትን አንሺና ቀጥዪ። የምዕራፉን ረቂቅ ደግሞ ሁልጊዜ አትመሽ ሱቅ አስቀምጪ። ላፕቶፑን ማታ ቻርጅ ላይ ሰክተሽ እደሪ፤ የጠዋቱ የጽሑፍ ጊዜሽ መብራት ቢጠፋም አያመልጥሽም።