ሁዳዴን ጾሜ ኪሎዬ ለምን ጨመረ? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ አማክሩኝ

የአራዳዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እስኪ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ዕድሜዬ 33፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ኪሎዬ እየጨመረ መጥቶ አሁን 81 ገብቷል። ስራዬ ቁጭ ብሎ ነው፣ ጠዋት ከተቀመጥኩ ማታ ነው ምነሳው። ሁዳዴን ሙሉውን ጾሜያለሁ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም ነበር፣ ስጋ የለ ቅቤ የለ ወተት የለ፣ ሰው ሁሉ በጾም ትከሺያለሽ ይለኝ ነበር ግን ፋሲካ ሲደርስ ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ። ለምንድነው? 9 ሰዓት ላይ ከመስሪያ ቤት አጠገብ ሳምቡሳ ወይ ቦንቦሊኖ በሻይ፣ ማታ ፓስታ ወይ ሩዝ፣ ሲመቸኝ ሽሮና ምስር ነው ምበላው፣ ከባድ ምግብ እኮ አደለም። ጂም ለመግባት ጊዜውም ብሩም የለኝም፣ ሰፈራችን ዳገት ስለሆነ በባጃጅ ነው ምመላለሰው፣ ጉልበቴንም ያመኝ ጀምሯል። በቴሌግራም ሚሸጡትን ሚያከሳ ሻይ ልግዛ ወይ ብዬም እያሰብኩ ነው። እናቴ ስኳር አለባት እሱም ያስጨንቀኛል። በናታችሁ ምታውቁ ንገሩኝ።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ ከጾም በኋላ ብዙ ሴቶች ይጠይቁኛል። ጾም ስጋና ቅቤውን ነው ሚያስቀረው እንጂ ዘይትና ስኳሩን አያስቀርም፣ እንደውም ቅቤ የለም ተብሎ በጾም ነው ዘይት ሚበዛው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ የኑግ ይሁን የሱፍ ይሁን የፓልም በዚህ በኩል ልዩነት የለውም። ያንቺን ያህል ኪሎ ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ተራምዶ ሚያቃጥለው ከዛች አንድ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። አሁን አንድ ድስት ወጥ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ታውቂዋለሽ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ካልወጣ አልበሰለም ነው ሚባለው። ሳምቡሳውና ቦንቦሊኖው ደግሞ ዘይት የጠጣ ዱቄት ነው፣ ቀላል ሚመስለው ሆድ ስለማይሞላ ነው፣ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ስትጨምሪበት ደግሞ ሌላ ነው። ለስላሳ ምትጠጪ ከሆነም ባለ 300 ሚሊው ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም አይለፍ ነው ሚለው።

የጾምሽን ሰዓት አትንኪው እሱ የእምነትሽ ነው፣ መፍቻውን ግን ከቤት ይዘሽ ሂጂ። የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ፣ ወይ ምስርና ጎመን በአንድ እንጀራ ምሳ ዕቃ ውስጥ። ባዶ ሆድ ውሎ እጅ መጀመሪያ ሚሄደው ወደ ጥብሱና ወደ ጣፋጩ ነው፣ ምግቡ ቦርሳሽ ውስጥ ካለ ግን ታልፊዋለሽ። ማታ ደግሞ የሳህንሽ ግማሹ አትክልት ይሁን፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ ሩቡ ምስር ወይ ክክ ወይ ሽሮ፣ ሩቡ እንጀራ። ፓስታ ካማረሽ ብይው፣ ግን ፓስታን በዳቦ ሚባለው ነገር ይቅር።

ኪሎሽን በቁመትሽ ሁለት ጊዜ ስናካፍለው 31.6 ይመጣል፣ 30 ካለፈ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው ሚባለው። ግን አትደንግጪ፣ 55 መግባት አይጠበቅብሽም፣ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ብቻ ብትቀንሺ ግፊትና ስኳር ላይ ጥሩ ለውጥ አለው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ በቂ ነው፣ ከአንድ ኪሎ በላይ አትሩጪ። ሻዩን አትግዢ፣ ብዙዎቹ ሚያስቀምጥ ወይ ሽንት ሚያበዛ ነገር ነው ያለባቸው፣ ሚወጣው ውሃ ነው ስቡ እዛው ነው።

የሆጤ ልጅ፦
ነርሷ ምግቡን ጨርሳዋለች እኔ ስለ ስፖርቱ ልበል። እህቴ ደሴ እየኖርሽ ጂም የለኝም ብለሽ አትዘኚ፣ ከተማችን እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ዳገት ነው፣ ከኮምቦልቻ ሚመጡ ጓደኞቼ ፒያሳ ደርሰው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጉልበት ሚያም ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ጉልበትን በጣም ሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው ዳገቱ አደለም። ስለዚ ጠዋት ስትወርጂ በባጃጅ ውረጂ፣ ማታ ወደ ቤት በእግርሽ ውጪው። መጀመሪያ መንገዱን በሙሉ አትሞክሪ፣ ባጃጁን ሰፈርሽ ሳትደርሺ አስቁሚውና 10 ደቂቃ ያህል ተራመጂ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ቀደም ብለሽ ውረጂ። ለአዋቂ ሰው ሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፣ ያ ማለት በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን፣ ተከፋፍሎም ይቆጠራል። ፍጥነቱን በትንፋሽሽ ለኪው፣ ማውራት ምትችዪ ግን መዝፈን ሚያቅትሽ ከሆነ ልክ ነሽ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቤትሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እና ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ ስሪ፣ ጭን ሲጠነክር ጉልበቱም ያርፋል። ጎህ ሳይቀድ ብቻሽን አትውጪ፣ ውሻውም ጅቡም አለ፣ በክረምት ጭጋጉ ፊት ለፊትሽ ያለውን መኪና ይሸፍነዋል። እሁድ ጓደኛ ካገኘሽ የጦሳን ግርጌ ብትዞሪ ደሴን በሙሉ ታያለሽ ወላሂ ድካሙን ያስረሳል።

የገራዶዋ፦
ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጪ ስቡን ያቀልጠዋል። እንጀራን ደሞ ሙሉ በሙሉ አቁሚ፣ የአክስቴ ልጅ እንደዛ አድርጋ በሳምንት 3 ኪሎ ቀነሰች።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
@የገራዶዋ ሎሚው አይጎዳም፣ ጨጓራ ካለባት ግን ያቃጥላታል፣ ስብ ማቅለጥ ግን አይችልም። እንጀራ ሲቆም በመጀመሪያው ሳምንት ሚቀንሰው አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የያዘው ውሃ ይወጣል፣ እንጀራ ስትጀምር ይመለሳል። ጤፍ አሰር አለው ብረት አለው፣ ጥፋቱ የእንጀራው አደለም ብዛቱ ነው።

ኡሙ ሀያት፦
አሰላሙ አለይኩም። እኛም ረመዳን ላይ እንደዚሁ ነን እህቴ፣ በኢፍጣር ሳምቡሳው ጁሱ ሾርባው ጣፋጩ ተደርድሮ ጾመኛው ሁሉ ጨምሮ ነው ኢድ ሚያከብረው። እኔ ቤት ለውጥ ያመጣው ዘይቱን ከጀሪካን ማፍሰስ ትቼ በማንኪያ መለካት ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላው፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ በርበሬውም በውሃ ይብሰል፣ ዘይቷን መጨረሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ለመላው ድስት። ቤተሰቤ ልዩነቱን አላወቀውም አልሐምዱሊላህ።

ግን ከምግቡ በላይ ሚያስቸግረው ሰው ነው። እኛ ወሎዬዎች እንግዳ ሳናጎርስ አናሳድርም፣ ቡና ሲጠሩሽ ቁርሱ ለውዝ ነው፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ከ150 ካሎሪ ይበልጣል፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ስንት እፍኝ ይታፈሳል። በሞቴ ብለው ሲያጎርሱሽ እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ ትንሽ ስትቀንሺ ደሞ ምን ሆነች ታመመች ነው ሚባለው። እኔ ለአማቴ ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ እማዬ ሐኪም ስኳር እንዳይዘኝ ቀንሺ ብሎኛል አልኳቸው፣ ከዛ ወዲህ ራሳቸው ናቸው ሚከላከሉልኝ። አንቺም እናትሽ ስኳር ስላለባቸው ቀድመው ይረዱሻል፣ እንደውም ምግቡን ለሁለታችሁ አንድ አድርጊው። ቡናውንም ያለ ስኳር ባይሆንልሽ በግማሽ ማንኪያ ጀምሪ።

የአራዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እንደዚህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የባጃጁን ነገር ከሰኞ ጀምሬ አደርገዋለሁ። ነርሷ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከወለድኩ ጀምሮ የሦስት ወሩን መርፌ ነው ምወጋው፣ ቶሎ ቶሎ ይርበኛል፣ እሱ ይሆን እንዴ? ጡት አሁንም አጠባለሁ።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
ሊሆን ይችላል፣ መርፌው አንዳንድ ሴት ላይ ኪሎ ይጨምራል። ግን ዝም ብለሽ እንዳታቋርጪው ሳታስቢው ታረግዣለሽ። ሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሲደርስ ለቤተሰብ ምጣኔዋ ባለሙያ ኪሎሽ በመርፌው እንደጨመረ እንደሚመስልሽ ንገሪያትና ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይስማማኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። እግረ መንገድሽን በባዶ ሆድ ስኳር፣ ግፊትና የእንቅርት ምርመራ ይሰራልሽ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲቀንስም ኪሎ ይጨምራል። ምታጠቢ ከሆነ ደግሞ ምግብሽን በጣም አትቀንሺ፣ ጥብሱንና ስኳሩን ብቻ አውጪ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ።

የቧንቧ ውሃው፦
ይቅርታ በመሃል ገብቼ፣ አባቴ የስኳር ክኒን ይወስዳሉ፣ እሳቸውም በጾሙ ሰዓት ኪሎ ይቀንሱ ይሆን እያልን ነበር። እንዴት ነው?

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
ለአባትህ ከሐኪማቸው ጋር ሳትነጋገሩ አይሆንም። በተለይ ግሊቤንክላማይድ ሚባለው የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ሲውሉ ስኳራቸው በጣም ሊወርድ ይችላል፣ ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ጾም ነው ሳትሉ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው። የክኒኑን ካርቶን ይዘህ ከጾሙ በፊት ቀጠሮ አሲዝላቸው።