የይግባኝ ፈቃድ፦ በሩ ይጥበብ ወይስ ይስፋ?

የጆበርጉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የደቡብ አፍሪካን ሕግ ይመለከታል። እዚህ ሠራተኛ ያለአግባብ ከተባረረ በ30 ቀን ውስጥ ሲሲኤምኤ ለሚባለው የዕርቅና የግልግል ኮሚሽን ያመለክታል። ክፍያ የለውም። ዕርቅ ካልተገኘ ገላጋዩ ዳኛ ይፈርዳል። በዚያ ፍርድ ላይ ይግባኝ የለም። ቅር ያለው ወገን በ6 ሳምንት ውስጥ ለሥራ ፍርድ ቤት «ይከለስልኝ» ይላል እንጂ። እዚያም ከተሸነፈ፣ ይግባኝ ለማለት መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ያንኑ የፈረደበትን ዳኛ ነው።

ይህ ፈቃድ ይቅር ወይስ ይጥበቅ? እኔ ይጥበቅ ባይ ነኝ። ሱቅ ውስጥ 4 ዓመት ሠርቼ ተባረርኩ። ገላጋዩ የ5 ወር ደሞዝ ፈረደልኝ። አሠሪዬ ይከለስልኝ ብሎ ተሸነፈ። አለቀ ብዬ ፋይሉን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። 2 ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ወረቀት መጣ፤ የይግባኝ ፈቃድ ማመልከቻ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የ3 ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረብኝ።

ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኛ ጋ የሥራ ክርክር ችሎት ከፈረደ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት መብት ነው። ፈቃድ አይጠየቅም። ግን ማጣሪያው አልቀረም። ይግባኝ ባዩ ካላሳመነ መልስ ሰጪው ሳይጠራ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 ይሰረዛል። ሰበር ሰሚ ችሎትም ጋ ጉዳዩ «ያስቀርባል»፣ ማለትም ሊታይ ይገባል፣ ካልተባለ ክርክሩ አይከፈትም። ስለዚህ ማጣራቱን አልቃወምም። የማይዋጥልኝ ማን ያጣራል የሚለው ነው። እኛ ጋ የበላይ ፍርድ ቤት ያጣራል። እናንተ ጋ የፈረደው ራሱ። የገዛ ፍርዱን «ሊሻር ይችላል» ብሎ የሚፈርም ዳኛ ስንት ነው?

የማኅበር ተወካይ፣ ኬፕታውን፦
ጌታዬ፣ የእሱ ቃል የመጨረሻ አይደለም። ከከለከለ በቀጥታ ለሥራ ይግባኝ ፍርድ ቤት አቤት ይባላል። እኔ የምፈራው መጓተቱን ነው። የሲዱሞን ጉዳይ አስታውሱ። የፕላቲኒየም ማዕድን ጥበቃ ነበር። ሠራተኞችን በወጉ አልፈተሸም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ተባረረ። ገላጋዩ ወደ ሥራው ይመለስ አለ። ኩባንያው በሥራ ፍርድ ቤት ተሸነፈ፣ በይግባኙም ተሸነፈ፣ ከዚያ በላይ ሄዶ ረታ። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የገላጋዩን ውሳኔ ያጸናለት በ2007 ነው። 7 ዓመት! አንድ የጥበቃ ሠራተኛ 7 ዓመት ምን በልቶ ይከራከራል?

እህታችሁ፣ ከፕሪቶሪያ፦
ሁላችሁም ይግባኝ የሚለው አሠሪ ብቻ አስመሰላችሁት። እኔ ገላጋዩ ጋ ረትቼ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሻረብኝ። አሁን ፈቃድ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ጠበቃ የለኝም። የ15 ቀኑ ጊዜም አለፈብኝ። ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግረኝ አጥቼ ነው እንጂ ቸልተኛ ሆኜ አይደለም። ይጥበቅ ስትሉ በሩ የሚዘጋው በእኔ ላይ ነው። እነሱማ ጠበቃ አላቸው። ሲዱሞስ ቢሆን እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ባይሄድ ኖሮ ተሸንፎ ይቀር አልነበር?

የጆበርጉ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ይጥበቅ ያልኩት የራሴን ቁስል እያየሁ ነው። በሩ ለሁላችንም ባለበት ይቆይ፤ መዘግየቱን ግን አሠሪው ይክፈል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ክለሳ የሚጠይቅ አሠሪ አፈጻጸሙ እንዲታገድለት ዋስትና ማስያዝ አለበት። የተፈረደው ካሳ ከሆነ ገንዘቡን፣ ወደ ሥራ ይመለስ ከሆነ የ24 ወር ደሞዝ ነው፤ ፍርድ ቤት ካልማረው በቀር። ይግባኝ እስኪያልቅ ያ ዋስትና ንቅንቅ ማለት የለበትም። አሁን የምከራከረው ለዚህ ነው።

የማኅበር ተወካይ፣ ኬፕታውን፦
በዚህ እስማማለሁ። እህታችን፣ ጊዜው አለፈ ብለሽ አትተዪው። በቂ ምክንያት ካለሽ መዘግየቱ ይታለፍልኝ ብለሽ ከማመልከቻው ጋር ትጠይቂያለሽ። ለምን እንደዘገየሽ ቀን በቀን ጻፊው። ሊጋል ኤይድ የሚባለው የነጻ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ሂጂ፣ ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ጠበቃ ሊመድቡልሽ ይችላሉ። ስንት ቀን አለፈሽ?

እህታችሁ፣ ከፕሪቶሪያ፦
9 ቀን። ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ይዤ እሄዳለሁ።