ብላን ደ ብላን ሻምፓኝ ተጨማሪ ዋጋው ያዋጣል?

ብሩክ (ፓሪስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የወንድሜ ምርቃት ነው፣ ሻምፓኝ መግዛት የኔ ድርሻ ሆኗል። ሱቅ ውስጥ «ብላን ደ ብላን» የሚል አየሁ። ሻጩ ከአንድ የወይን ዓይነት ብቻ የተሠራ ነው አለኝ፤ ጎኑ ካለው ግን ይወደዳል። ልዩነቱ ሲጠጣ ይታወቃል ወይስ ለስሙ ነው የምከፍለው? እናቴ ደግሞ ጣፋጭ ካልሆነ አትነካም። ምግቡ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና የተጠበሰ ዓሣ ነው።

ሰናይት፦
ይታወቃል እንጂ! ሻምፓኝ በብዛት የሚሠራው ከፒኖ ኗር፣ ከሙኒዬና ከሻርዶኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥቁር ወይን ናቸው፣ ግን ጭማቂያቸው ነጭ ስለሆነ ቀስ ተደርጎ ተጨምቆ ከልጣጩ ቶሎ ከተለየ ነጭ መጠጥ ይወጣዋል። ብላን ደ ብላን ከነጭ ፍሬ ብቻ ነው፤ ሻምፓኝ አውራጃ ውስጥ ደግሞ ያ ማለት ከጥቂቶች በቀር ሻርዶኔ ነው። ቀጠን ይላል፣ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ይሸታል፣ ኮምጠጥ ብሎ አፍ ያነቃል። ጠርሙሱ ላይ አቪዝ፣ ክራማን ወይም ለ ሜኒል የሚል የመንደር ስም ካየህ አንሳው። ከኤፐርኔ ከተማ በስተደቡብ ያሉ መንደሮች ናቸው፣ መሬታቸው ጠመኔ ነው፣ ሻርዶኔ እዚያ ይዋጣለታል። ሳሎን የሚባለው ሻምፓኝ አምራች በፈረንጆቹ 1905 ሲጀምር ጀምሮ ከለ ሜኒል ሻርዶኔ ሌላ አልነካም፤ ዓመቱ ካላማረም ጭራሽ አያወጣም። የሱ ዋጋ ግን የሚቀመስ አይደለም፣ እሱን ተወው። ከዓሣው ጋር አቅርበው። ከዶሮ ወጡ ጋር አይሆንም፣ አረፋው በርበሬውን ያባብሰዋል።

የወይን ወዳጅ፦
ሰናይት ያለችው ልክ ነው፣ የእናትህን ነገር ግን አትርሳ። የወይኑ ዓይነት ስለ ስኳሩ ምንም አይነግርህም። ጠርሙሱ ላይ «ብሩት» የሚል ከሆነ በሊትር ከ12 ግራም በታች ስኳር ነው ያለው፣ እሳቸው አይወዱትም። «ኤክስትራ ድራይ» ስሙ ያሳስታል፣ ስኳር የሌለው ቢመስልም ከብሩት ይጣፍጣል፣ እስከ 17 ግራም ይደርሳል። «ደሚ ሴክ» ከ32 እስከ 50 ነው። እኔ ብሆን ለእሳቸው ለብቻ አንድ ሞስካቶ ዳስቲ እገዛለሁ። የጣሊያን ነው፣ እሱም ከአንድ ወይን ከሞስካቶ ቢያንኮ የሚሠራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ፣ ዋጋውም ቀላል።

ዳዊት፦
ለብዙ ሰው ከሆነ ፕሮሴኮ፣ የጣሊያኑ አረፋማ ወይን፣ አይበቃም እንዴ?

ሰናይት፦
ዳዊት፣ ለጭፈራው ይበቃል፣ ለምርቃቱ ጽዋ ግን አልስማማም። ፕሮሴኮ አብዛኛውን ጊዜ አረፋ የሚያወጣው ትልቅ ጋን ውስጥ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። ሻምፓኝ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ይፈላና ከእርሾው አተላ ጋር ይተኛል። ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 15 ወር ይቆያል፣ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ከሆነ 3 ዓመት። ያ የትኩስ ዳቦ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ብሩክ፣ በ8 እና በ10 ዲግሪ መሃል አቀዝቅዘው። ስትከፍት ቡሹን አጥብቀህ ይዘህ ጠርሙሱን አዙር፣ አፉን ወደ ሰው አታድርግ፣ ውስጡ ያለው ግፊት እስከ 6 አትሞስፌር ነው።

ብሩክ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ከአቪዝ፣ ለእናቴ አንድ ሞስካቶ። ክትፎውንስ ከየትኛው ጋር ላቅርበው?