የእማዬን የዋንዛ ብፌ ማን ይፍታልኝ?

አራት ኪሎ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ዕቃችንን ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው። ጠርሙስና ጄሪካኑን ቆራሌው ወሰደው፤ ልብሱን ለመቄዶንያ ሰጠን (ልዋጭ በልብሱ ፈንታ ሳፋ ስለሚሰጥ ቤቱ መልሶ ይሞላል)።

የቀረው የእማዬ ብፌ ነው። ሙሉው ዋንዛ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ አናጢው እዚሁ ሳሎን ውስጥ የገጣጠመው ስለሆነ ሳይፈታ በደረጃው አይወርድም። ደላላ ባመጣም የማገዶ ዋጋ ነገረኝ። እማዬ በዚህ ዋጋ አልሸጥም አለች፤ እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል? ትንሽ ጠረጴዛና መደርደሪያ ቢሆንላት ግን ደስ ይላታል። ቤት ድረስ መጥቶ፣ ዋንዛውን ሳይሰነጥቅ ፈትቶ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አናጢ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ የት አገኛለሁ?