መዝገቡ ይበቃል ወይስ ስልክ እንደውል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ፣ በሰሜን ሸዋ የአእምሮ ሕክምና ማን እንዳገኘና ማን እንደቀረበት በምን እንወቅ? በጤና ጣቢያ መዝገብ ወይስ በስልክ ዳሰሳ? በጀቱ ለሁለቱም አይበቃም ብላችሁ ተከራከሩ። ለመነሻ ያህል፦ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በኮቪድ ጊዜ በየሳምንታቱ ባካሄደው የቤተሰብ ዳሰሳ «ባለፉት 4 ሳምንታት የምክር ሕክምና አስፈልጎኝ አላገኘሁም» ያሉት አዋቂዎች ከኦገስት 2020 እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ከ9.2 ወደ 11.7 በመቶ ከፍ ብለዋል።

የሳይካትሪ ነርስ (ሸዋ ሮቢት)
እኔ በመዝገቡ ነኝ። ዳሰሳ ገንዘቡን ጨርሶ የሚነግረን ሕዝቡ ተጨንቋል ነው። እሱማ ማን ጠፋው? መዝገብ ላይ ግን የካርድ ቁጥሩ፣ ቀበሌው፣ የቀጠሮው ቀንና የሚወስደው መድኃኒት አለ። ቀጠሮ ያለፈውን ለይተሽ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ትሰጫታለሽ፣ እቤቱ ትሄዳለች። 11.7 በመቶ ብሎ የነገረሽ ዳሰሳ የማንን በር አንኳኪ ይልሻል?

የጤና መረጃ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)
ሲስተር፣ በሩን በማግኘቱ እስማማለሁ። ችግሩ መዝገቡ ተደምሮ ሪፖርት ሲሆን ነው። ወርሃዊው ሪፖርት የሚቆጥረው ምልልስን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በየወሩ ሲመጣ በዓመት 12 ጊዜ ይቆጠራል። መጨናነቅ እንዳይኖር የሦስት ወር መድኃኒት ሲሰጠው 4 ጊዜ ብቻ ይመጣል። ሪፖርቱ ላይ ከምልልሱ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ፤ ሰውየው ግን አንድ ኪኒን አልቀረበትም።

ለከባድ የአእምሮ ሕመም በየአራት ሳምንቱ የፍሉፌናዚን መርፌ የሚወጋው ደግሞ የሦስት ወሩን አንድ ላይ መውሰድ አይችልም። እሱ ቀረ ማለት በእርግጥ ሕክምናው ተቋረጠ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ተደምረው ወደ ዞን ከሄዱ በኋላ «አገልግሎት በግማሽ ወደቀ» የሚል ስላይድ ይሠራል። ከዚያ ቁጥር ማን እንደተጎዳ ማውጣት አይቻልም።

የሳይካትሪ ነርስ (ሸዋ ሮቢት)
እንግዲያው መፍትሔው ሪፖርቱን ማስተካከል ነው እንጂ ስልክ መደወል አይደለም። መርፌና ኪኒን በሁለት ረድፍ ይለዩ፤ በምልልስ ፈንታ «ቀጠሮ ካለፈው 14 ቀን የሞላው ሰው» ይቆጠር። አንድ እስክርቢቶና አንድ ማስመሪያ ይበቃል።

ጤና መኮንን (መሐል ሜዳ)
እህቴ፣ አንቺ የምትቆጥሪው አንድ ቀን መጥቶ ካርድ ያወጣውን ነው። ጭራሽ ያልመጣውስ? አውቶቡስ በግማሽ ወንበር እየጫነ ታሪፉ እጥፍ በሆነበት ጊዜ ከመንዝ ጫፍ ተነስቶ አዲስ ካርድ ለማውጣት የሚመጣ ሰው የለም። በወረርሽኝ ጊዜ የጀመረው ሕመም መዝገብ ላይ የሚታየው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ሰውየው ቤቱ ውስጥ ከታሰረበት ተፈትቶ ሲመጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ባደረገው ዳሰሳ እንኳ 93 በመቶ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር።

የስታቲስቲክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)
የለም፣ 93 በመቶው የአገልግሎት ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ 130 አገሮች ተጠይቀው፣ ከእነሱ 93 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ዋና የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተስተጓጉሏል አሉ። መልሱን የሞሉት ደግሞ ታማሚዎች ሳይሆኑ የመንግሥት ተጠሪዎች ናቸው። ለመርፌ ቀጠሮ ምንም አይነግረንም።

የአሜሪካውም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። መጠይቁ በኢሜይልና በስልክ መልእክት ተልኮ በኢንተርኔት የሚሞላ ነው፤ ከተላከላቸው አሥር አንዱ እንኳ አይመልስም ነበር ማለት ይቻላል። የጭንቀትና የድባቴ ምልክት ያለባቸው 41.5 በመቶ ደረሱ የተባለው ከ2019ኙ 11 በመቶ ገደማ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ አራት እጥፍ ይመስላል። የ2019ኙ ግን በአብዛኛው ፊት ለፊት የተጠየቀ ሌላ ዳሰሳ ነው፤ የመጠየቂያው መንገድ ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል። በዚያው ዳሰሳ ውስጥ ከ36.4 ወደ 41.5 ማደጉን ነው የማምነው። ሌላም አለ፦ 11.7ቱ ከሁሉም አዋቂ ነው እንጂ ከታማሚው አይደለም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በሚያዝያ 2012 የዓለም ባንክና የስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በስልክ በጀመሩት የቤተሰብ ዳሰሳ መጀመሪያ ዙር 3,249 ቤተሰብ ነው የተገኘው። ከዚያ ውስጥ 2,271ዱ ከተማ፣ 978ቱ ገጠር። አብዛኛው ሕዝብ ገጠር በሆነበት አገር! በሂሳብ ክብደት ሰጥቶ ማመዛዘን ይቻላል፤ ስልክ የሌለውን ቤት ግን ክብደት አይፈጥረውም። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የሌለው ቀበሌ በየትኛው ቀመር ይገባል?

ጤና መኮንን (መሐል ሜዳ)
መምህር፣ ስለዚህ ይቅር ነው የሚሉን?

የስታቲስቲክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)
አላልኩም፤ ዋጋውን አውቃችሁ ግቡበት ነው ያልኩት። ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ነገር ለመለካት፣ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ3 ነጥብ እንዳይበልጥ፣ 451 ሰው ያስፈልጋል። ናሙናው ከተመረጡ ቀበሌዎች በቡድን በቡድን ስለሚወሰድና የአንድ ቀበሌ ሰዎች መልስ ስለሚመሳሰል በ1.5 አብዙት፤ 677 ይሆናል። ግማሹ ስልክ ካላነሳ 1,354 ቁጥር መያዝ ነው። ያውም ለዞኑ በአንድነት፤ መንዝንና ምንጃርን ላወዳድር ካላችሁ ለእያንዳንዱ ይሄው ይደገማል። በዘፈቀደ ቁጥር መደወል ደግሞ አይሠራም፤ የሞባይል ቁጥር ከየትኛው ዞን እንደሆነ አይናገርም። ቁጥሩ አስቀድሞ በቀበሌ መሰብሰብ አለበት፤ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ከሆነ አልፏል።

ፋርማሲስት (አረርቲ)
አንድ ነገር ረሳችሁ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ላይ ወራት የሚቀመጥ ታማሚ የእናንተም መዝገብ ውስጥ የለም፣ እቤቱም ቢደወል አይገኝም። ጻድቃኔ ማርያምም እንዲሁ። ጸበሉን ከመድኃኒት ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ ግን እዚያ ሄዶ የሚቆጥር ከሌለ ሁለቱም ዘዴዎች ከባዱን ታማሚ ይዘሉታል።

የጤና መረጃ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)
ትክክል። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት መድረሱንም እዚህ ላይ ጨምሩበት። ከዚያ ወር በኋላ የተሰበሰበ መረጃ ኮቪድን ይለካል የሚል ካለ አልሰማውም። የተዘጋ ጤና ጣቢያ ሪፖርት አይልክም፤ ያልተላከ ሪፖርት ደግሞ እንደ ዜሮ ተደምሮ ይወጣል።

የሳይካትሪ ነርስ (ሸዋ ሮቢት)
እኔን የሚያሳስበኝ ጥሪው ራሱ ነው። ስልኩ የአባወራው ነው። እሱ አጠገቧ ቆሞ ሚስቱ «መተኛት አቅቶኛል፣ ተስፋ ቆርጫለሁ» ትላለች? «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች፣ እናንተም ጤነኛ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

ጤና መኮንን (መሐል ሜዳ)
ለዚህ አሠራር አለው። ጠያቂዋ ሴት ትሆናለች። መጀመሪያ «አሁን ብቻዎን ነዎት?» ብላ ትጠይቃለች፤ ካልሆነች ሰዓት ይቀጠራል። መልሱ ከ0 እስከ 3 ባለው ቁጥር ብቻ ስለሚሰጥ አጠገቧ የቆመው ሰው የሚሰማው «ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት» ነው። ሁለት ጥያቄ ያለውን አጭሩን የድባቴ መጠይቅ እንጠቀማለን፤ ድምሩ 3 ሲሞላ ለነርስ ይተላለፋል። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የረጅሙ መጠይቅ የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው፤ አዎ ለምትል ሴት በዚያው ሰዓት የሚያናግራት ሰው ሳይዘጋጅ በስልክ አይጠየቅም።

የሳይካትሪ ነርስ (ሸዋ ሮቢት)
ለነርስ ይተላለፋል ስትል፣ ለየትኛዋ ነርስ? በሥራ ሰዓት መርፌ የምወጋ፣ መድኃኒት የምጽፍ፣ ሪፖርት የምሞላ እኔው ነኝ። ለ1,354 ጥሪ ጠያቂ ከመቅጠር በፊት የማታ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይቀጠር። እሱ ካለ በስልኩ እስማማለሁ፤ ከሌለ መዝገቤን አልለቅም።