መንገዳችን ደሴት ላይ ወጣ፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ካቢኔ ፊት ነኝ፣ ድረሱልኝ

ኤረር በር፣ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ አስቸኳይ ነው። ነገ ጠዋት ለወረዳው ካቢኔ የማቀርበው አለ። ከሐረር ወደ ኮሮሚ መንደር የሚወስደው የገጠር መንገድ «የእይታ መንገድ»፣ ማለትም ለውበቱ የሚታወቅ መንገድ፣ ተብሎ እንዲሰየም ነው የምንጠይቀው። ጽሑፉ አልቋል። ፎቶውም አለ። ካርታው ግን እምቢ አለኝ። መንገዱ የሚያልፍባቸውን 61 ነጥቦች የቦታ ቁጥር ሰብስቤ ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። ወደ ካርታ ፋይል ቀይሬ ጎግል ኧርዝ ላይ ስከፍተው መንገዱ ሐረር ላይ የለም። ባሕር መሀል ያለች ደሴት ላይ ወጣ! ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አይዝም፣ መብራት ደግሞ ማታ ማታ ይሄዳል። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ድሬ ቴክ፣ 1፡46

አፑን አጥፋውና እንደገና ጫነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው እሱ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ 1፡49

አቦ የቷ ደሴት ናት? እስቲ ጠጋ አድርገህ ስሟን እይልን።

ኤረር በር፣ 1፡52

ኮርሲካ ይላል። አፑንም አጥፍቼ ጭኜዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ደግሞ እህት ነኝ።

የከዚራ ልጅ፣ 1፡54

የናፖሊዮን አገር፣ የፈረንሳይ ደሴት እኮ ናት! ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ያኔ ሐረር መጥቶ ኖረ። አሁን መንገዳችን ብድሩን ሊመልስ ሄደ ማለት ነው። አይዞሽ እህቴ፣ ሳይነጋ እንመልሰዋለን።

ካርታ ሰሪ፣ 1፡58

ኮርሲካ ካለሽ ግማሹ ችግር ታውቋል። ከኤክሴሉ ጥቂት መስመር እዚህ ለጥፊልን። ወደ ምን ዓይነት ፋይል እንደቀየርሽውም ንገሪን፣ እሱን አልጻፍሽም።

ጋሽ ቀያሽ፣ 2፡05

ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መንገድ ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካርታው ይስተካከላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። መንገዱ የማን ነው? አገር ከአገር የሚያገናኘው ዋናው አስፋልት የፌዴራል ነው። የገጠሩ መንገድ የክልል ወይም የወረዳ ነው። የሐረሪ ክልል ደግሞ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ኦሮሚያ ከቦታል። ከመንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ወሰን ከተሻገረ የአንድ ካቢኔ ማኅተም አይበቃም። ስለዚህ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚጠግነው በአንድ አንቀጽ ጻፊ። ነገ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህን ነው።

መንገድ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር እንዲገባ ነበር ሐሳቡ። ተራራው ከበደና በ1895 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋም እዚያው ተወለደች። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። በዚያ ዳገት ምክንያት የሁለት ከተማ ዕድል ተለወጠ። እና መስመር ስታሰምሪ የሰው ዕድል እያሰመርሽ እንደሆነ አስቢ።

የገበሬ ልጅ፣ 2፡14

ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ያ መንገድ እኮ ፒስታ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው። አባቴ ማንጎ ጭኖ ሲመጣ መኪናው ተይዞ ያድራል። ምጥ የያዛት ሴት እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በቃሬዛ ትወሰዳለች። እናንተ ደግሞ «ውብ ነው ተብሎ ይጻፍልን» ትላላችሁ። ውብነቱንማ እኛ እናውቀዋለን። መጀመሪያ ጠጠር ይፍሰስበት።

ኤረር በር፣ 2፡19

ወንድሜ፣ አንድም ቃል አልነቅፍብህም። እናቴ እዚያው አካባቢ ናት፣ ጭቃውን አውቀዋለሁ። ግን ስማኝ። አሁን መንገዱን ስሙን ጠርቶ የሚጠይቅለት የለም። በቀደም ስሄድ አንዱ የድሮ እርከን ተንዶ ድንጋዩ ለግንባታ ሲጫን አየሁ። አያቶቻችን በእጃቸው የደረደሩት ድንጋይ ነው። ለማን አቤት እንደምል አላወቅኩም። ስም ከተሰጠው ጥገናው ዕቅድ ውስጥ ይገባል፣ ድንጋዩም ጠያቂ ያገኛል። ስሙን የፈለግኩት ጠጠሩን ለማስመጣት ነው።

ካርታ ሰሪ፣ ፋይሉ ኬኤምኤል የሚባለው፣ ጎግል ኧርዝ የሚያነበው ዓይነት ነው። ከኤክሴሉ ይኸው፦

9.308፣ 42.120
9.305፣ 42.124
9.172፣ 42.087

ድሬ ቴክ፣ 2፡21

ካሹን አጽድተሽ ጫኚው፣ ይሠራል።

ሐረሪዋ ከቨርጂኒያ፣ 2፡26

እህቴ ማሻአላህ፣ ሐሳብሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። ኮሮሚ የሄድኩት ልጅ ሆኜ ነው። የአርጎባዎቹ የድንጋይ ቤቶች ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ታች የኤረር ሸለቆ። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን የምነግርሽ እዚህ አሜሪካ የሚሠራበትን ነው፣ ለጽሑፍሽ ይጠቅምሻል። የእይታ መንገድ ፕሮግራሙ በፌዴራል ሕግ የተቋቋመው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መንገድ ከስድስት ባሕርያት ቢያንስ አንዱን ማሳየት አለበት። መልክዓ ምድር፣ ተፈጥሮ፣ ታሪክ፣ ባህል፣ አርኪዮሎጂ፣ መዝናኛ ናቸው። ሁለቱ ካሉትና በአገር ደረጃ አቻ ከሌለው ከፍ ያለ ማዕረግ ይሰጠዋል። ልብ በይ፣ ስድስቱም አሉን ብሎ የሚጽፍ የለም። አንቺም አትጻፊ። ሁለት ምረጪ። ባህል ብለሽ የአርጎባን ቤቶች፣ መልክዓ ምድር ብለሽ ሸለቆውን። ለእያንዳንዱ ሦስት ፎቶ ከነቦታው። በቃ። መነሻው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር መሆኑንም አስገቢ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ ነው። ጎብኚው እዚያ ድረስ እየመጣ ነው። መንገዱ ያንን ሰው ወደ ገጠር የሚያወጣ መሆኑን አሳዪ።

ሁለተኛው ነገር፣ እዚህ ስም ብቻውን አይሰጥም። የመንገዱን ዙሪያ እንዴት እንደሚይዙት የሚናገር ዕቅድ ይጠየቃል። ማን ይጠግናል፣ መኪና የት ይቆማል፣ ምን አይቆፈርም፣ ነዋሪው ምን አለ። ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ በአዲስ መትከልም በተሰየሙት ዋና መንገዶች ላይ ክልክል ነው። እኔ በምኖርበት ካውንቲ ስብሰባ ሲጠራ ሄጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነስቶ «ትራክተሬን በመንገዱ ላይ እንዳልነዳ ልትከለክሉኝ ነው?» አለ። አይደለም ተባለ። ያ ሰው መልሱን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። የገበሬ ልጅ ያለውን እንዳታልፊው።

ካርታ ሰሪ፣ 2፡31

አገኘሁት። ኤክሴልሽ ላይ ላቲቲዩድ (የሰሜን-ደቡብ ቁጥሩ) ቀድሞ ሎንጊቲዩድ (የምሥራቅ-ምዕራብ ቁጥሩ) ተከትሏል። ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው፣ ጎግል ኧርዝ መፈለጊያው ላይም እንደዚያ ነው የሚቀበለው። ኬኤምኤል ፋይል ግን በተቃራኒው ነው የሚያነበው፤ ሎንጊቲዩድ ይቀድማል። ስለዚህ 9ን ወደ ምሥራቅ፣ 42ን ወደ ሰሜን ብሎ ወሰደው። 42 ሰሜን እና 9 ምሥራቅ ደግሞ ኮርሲካ ነው። ኤክሴሉ ላይ ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሪና እንደገና ቀይሪው። በኮማው እና በቁጥሩ መሀል ክፍተት አታስገቢ፣ ያበላሸዋል።

ለወደፊቱ እንዳይምታታሽ፦ የኢትዮጵያ ላቲቲዩድ ከ3 እስከ 15 ነው፣ ሎንጊቲዩድ ከ33 እስከ 48። እኛ አገር ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ ላቲቲዩድ ነው።

ሦስተኛው መስመርሽ ግን አላማረኝም። ለማንኛውም ቀይሪና ንገሪን።

ጋሽ ቀያሽ፣ 2፡36

እኔ ቅድሚያ ያልኩት ባለቤትነቱ ነው። ካርታው ላይ የክልሉን ወሰንም አሳዪ። ያለ ወሰን ካርታ አይባልም።

ኤረር በር፣ 2፡48

ሐረር ገባ!!! አላህ ይስጥህ ካርታ ሰሪ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ግን አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ትክክል ይሄድና ድንገት ወደ ደቡብ ዘሎ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ከዚያ ትንሽ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። የቆየ የጂፒኤስ መሣሪያ ተውሼ ነበር፣ ስልኬ ሲዘጋ በእሱ ነው የያዝኩት። 21ዱ ነጥብ ከእሱ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ 2፡50

ከፈረንሳይ እስከ ሐረር መጥቶ ሰፈሩን ስቶ ነው። ቀርቧል፣ አይዞሽ።

ካርታ ሰሪ፣ 2፡57

እሱን ነው የጠረጠርኩት። ያ መሣሪያ ቁጥሩን በዲግሪና በደቂቃ ነው የሚያሳየው። ስክሪኑ ላይ 9 ዲግሪ፣ ከዚያ 17.2 ደቂቃ ይላል። አንቺ ነጥቡን አዛውረሽ 9.172 ብለሽ ጻፍሽው። ደቂቃ እንደ ሰዓት ከ60 ነው የሚቆጠረው። 17.2ን ለ60 ስታካፍዪው 0.287 ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው 9.287 ነው። ሎንጊቲዩዱም 42 ዲግሪ ከ08.7 ደቂቃ ከሆነ 42.145 ነው እንጂ 42.087 አይደለም። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህቺ ስህተት ብቻ መንገዱን 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ገፍታዋለች።

አንድ በአንድ አትቁጠሪ። ኤክሴል ላይ ደቂቃውን ብቻውን በአንድ ዓምድ አድርጊ፣ ለ60 አካፍይ፣ ዲግሪው ላይ ደምሪ፣ ወደ ታች ጎትቺው። 21ዱን ብቻ። የስልኩን 40 አትንኪ።

የገበሬ ልጅ፣ 3፡04

እህቴ፣ ያልሽውን ደግሜ አነበብኩት። እርከኑን ያፈረሱትን እኔም አይቻለሁ፤ ዝም ብዬ ነበር ያለፍኩት። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ያለው ቱቦ ከክረምቱ ጎርፍ ወዲህ ተደፍኗል። ውኃው መንገዱን እየበላ በጎን ይሄዳል። ካርታሽ ላይ እሱንም አድርጊበት። ውቡን ብቻ አታሳዪ። የፈረሰውንም አሳዪ። ገንዘብ የሚመድበው ሰው ማየት ያለበት ያንን ነው። ሌላው፣ ከእኛ መንደር ከመግባታችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ቱሪስት ድንገት ቤት ሲገባ ሴቶቹ ይቸገራሉ።

ኤረር በር፣ 3፡09

አደርገዋለሁ። ቱቦውን በቀይ ነው የማደርገው። የሽማግሌዎቹ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ስለ ቤቶቹ አንድ ገጽ ጽፌ ስለሚኖሩባቸው ሰዎች አንድ መስመር የለኝም። አሁን እጨምራለሁ። መኪና የት ይቁም የሚለውንም ብትጠይቅልኝ ደስ ይለኛል፤ የምታውቀው ሰው ካለ።

የገበሬ ልጅ፣ 3፡12

አባቴን አሁን እደውልለታለሁ፣ ገና አልተኛም። መንደሩ ሳይደርስ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ሰው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። እሱ ይሻላል ይመስለኛል።

ሐረሪዋ ከቨርጂኒያ፣ 3፡15

አዎ! ከዛፉ እስከ መንደሩ በእግር ይሂዱ። የአካባቢው ልጆች ይምሯቸው፣ ገንዘቡም እዚያው ይቅር። አንድ ነገር ደግሞ፣ እህቴ። ካቢኔው «ሕጉ የት አለ?» ካለሽ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ በይ። ያረጁት የድንጋይ ቤቶች በቅርስ ስም ሊጠበቁ ይችላሉ። መንገዱን ከእነሱ ጋር አያይዘሽ ጠይቂ።

ጋሽ ቀያሽ፣ 3፡20

አሁን ሥራ መሰለ። ልጄ፣ አንድ ነገር ከልምዴ ልንገርሽ። ካቢኔ ፊት ካርታውን በፕሮጀክተር ብቻ አትመኚ። በትልቅ ወረቀት አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ሰው ተነስቶ በጣቱ የነካው ካርታ አይረሳም። ጠዋት 2 ሰዓት የሚከፍት ማተሚያ ቤት ፈልጊ።

ድሬ ቴክ፣ 3፡22

እህቴ፣ ወደ ፍላሽም ገልብጪው፣ ወደ ስልክሽም ላኪው። ላፕቶፑ ባትሪ አይዝም ብለሻል። ይሄኛው ምክሬ ይሠራል።

ኤረር በር፣ 3፡41

መንገዱ ከጁገል ተነስቶ አንድም ቦታ ሳይዘል ኮሮሚ ደረሰ። ከላይ ሳየው እንዴት እንደሚጠማዘዝ! በእግሬ ስሄደው አላስተዋልኩትም ነበር። ወሰኑን እየጨመርኩ ነው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀምሯል፣ ልፍጠን።

የከዚራ ልጅ፣ በማግስቱ ከቀኑ 7፡30

እህቴ፣ እንዴት ሆነ? ከድሬ ሆነን እየጠበቅን ነው። ካቢኔው ምን አለ?

የገበሬ ልጅ፣ ከቀኑ 10፡05

አባቴም እየጠየቀኝ ነው። ዛፉ ሥር ያለው ቦታ የማን እንደሆነ አጣርቷል። የመንደሩ የጋራ ነው፣ ችግር የለውም ብለዋል ሽማግሌዎቹ። መጥተሽ ተነጋገሪ ብለውሻል።

ሳቢያን፣ ከሦስት ቀን በኋላ

ሰላም። ይህን ሳነብ የራሴ ችግር ሆኖ አገኘሁት። እኛ ደግሞ የለገ ኦዳን ዋሻ የድንጋይ ላይ ሥዕሎች ለተማሪዎች ለማሳየት ከድሬዳዋ የሚወስደውን መንገድ እያዘጋጀን ነበር። የእኛ መንገድ ደሴትም አላገኘ፣ ባሕሩ ውስጥ ነው የገባው።

ካርታ ሰሪ፣ ከሦስት ቀን በኋላ

ያው ነው። ከኮርሲካ በስተ ምሥራቅ ያለው ባሕር ነው። ሁለቱን ዓምዶች አቀያይር። ነጥቦቹን የያዝከው በስልክ ነው ወይስ በመሣሪያ? ኤረር በር፣ አንቺም ካለሽ ብቅ በይ፣ የታተመውን ካርታ ፎቶ ማየት እፈልጋለሁ።